ወረቀት የሌለው ሰው ማቅለያ የለውም

“ጥፋተኛ ነህ” ከተባለ በኋላ ያለችዋ አጭር ክርክር ጋዜጣ ላይ ብዙም አትወጣም። ምስክር ተሰምቷል፣ መከላከያ ቀርቧል፣ ውሳኔው ተነቧል። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየቱን ይሰጣል፤ ተከላካዩ ደግሞ ማቅለያውን ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ችሎት ተመላልሶ ያየ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው። ከዚህ በፊት የወንጀል ሪከርድ የለበትም። አገሩን ለረጅም ዓመት አገልግሏል። በዕድሩ፣ በደብሩ፣ በሰፈሩ የተመሰገነ ነው። ለግድቡ ቦንድ ገዝቷል። ስኳርና ደም ግፊት አለበት። ለዚህ ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተያይዟል።

ይሄ ዝርዝር ስለተሰረቀው ገንዘብ ወይም ስለተሰበረው አጥንት አንዲት ቃል የለውም። የሚያወራው ስለ ሰውየው ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሰውየው መወራቱን አልቃወምም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 88 ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን የጥፋት መጠን፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ያነሣሣውን ምክንያት፣ የግል ኑሮውንና የትምህርት ደረጃውን እንዲመለከት ያዘዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ወንጀል በራሱ አይሄድም፤ ሰው ነው የሚሠራው፤ ሰው ደግሞ ከሆነ ቦታ ይመጣል።

ጠቤ ሌላ ነው። በችሎቶቻችን የሚነገረው የማን ሕይወት ነው? ማስረጃ ማሰባሰብ የሚችል ሰው ሕይወት። ያልቻለው ዕድሜው፣ አድራሻውና ወንጀሉ ብቻ ሆኖ ይቀጣል። “የግል ሁኔታ” የሚለው ሐረግ ለተቸገረ ሰው መተንፈሻ እንዲሆን ተጽፎ፣ በአሠራር ግን የተደላደለ ሰው ቅናሽ ማግኛ ሆኗል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ሁለት እምነት አጉዳዮች

ሁለት ሰዎችን እናስብ። ስም የላቸውም፤ ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

አንደኛዋ የ19 ዓመት ልጅ ናት። በ13 ዓመቷ ከገጠር ደላላ ይዟት መጣ። ሦስት ቤት ሠራች። በመጨረሻው ቤት ሁለት ዓመት ስትቆይ ደመወዟ በእጇ አልገባም፤ “ይጠራቀምልሽ” ትባላለች። እናቷ ታመመች ተብሎ ሲደወልላት የተጠራቀመውን ጠየቀች፣ “በሚቀጥለው ወር” ተባለች። በሳምንቱ የእመቤቷን የወርቅ ሐብል ይዛ ወጣች። አውቶቡስ ተራ ተያዘች።

ሁለተኛው የአንድ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሐሰተኛ ደረሰኝ እያስገባ የመንግሥት ገንዘብ ወሰደ። ቤት ሠራበት፤ የቀረውን በዘመድ ስም አስቀመጠ።

ሁለቱም የታመኑበትን በሉ። አሁን ቅጣት ላይ ምን እንደሚሆን እንይ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 84 ሥልጣንን ወይም የተጣለን እምነት መከታ አድርጎ ወንጀል መፈጸምን ማክበጃ ያደርገዋል። በልጅቷ ላይ ይህ ወዲያው ይጠቀሳል፤ ቤት ተከፍቶላት፣ እንደ ልጅ ታይታ፣ እምነት አጉድላለች ይባላል። በኃላፊው ላይስ? ሹመቱ የወንጀሉ አካል ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ማክበጃ ሊሆን አይችልም ይባላል። የሕግ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ሕጉ አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠርን ይከለክላል፤ የእሱ መነሻ ቅጣትም ከእሷ ይበልጣል። ይሁን። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ስሙ። ያው ሹመት፣ ለክብደት አይቆጠርም የተባለው፣ በኋላ በር ዞሮ “የ22 ዓመት አገልግሎት” ተብሎ ማቅለያ ሆኖ ይገባል። ካዝናውን የከፈተለት ቁልፍ ቅጣቱን ለመቀነሻ ይቀርባል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የምንል ሕዝብ ነንና የበላውም ሲፈረድበት አገልግሎቱ ሲቆጠርለት ብዙ አንደነግጥም።

ልጅቷስ ምን ማቅለያ አላት? በሕጉ መሠረት ካየነው ከእሱ የበለጠ አላት። አንቀጽ 82 በከባድ የቁስ ወይም የመንፈስ ችግር ውስጥ ሆኖ ወንጀል የሠራን ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል። የሁለት ዓመት ደመወዝ የተያዘባት፣ እናቷ የታመመችባት ልጅ በዚህ ካልታየች ማን ይታያል? ግን ይህን የሚያስረዳ ወረቀት የለም። የሥራ ውል የላትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሷ ያሉትን በሰው ቤት የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ ለሌላ ደንብ ትቶ አልፏቸዋል። ደላላው ለምስክርነት አይመጣም። እናቷ ለመሳፈሪያ የላትም። ተከላካይ ጠበቃዋ መንግሥት የመደበላት ነው፤ የዚያን ቀን ስንት መዝገብ እንደያዘ እሱ ያውቃል፤ ያገኛትም ጠዋት ኮሪደር ላይ ነው። “ማቅለያ አለሽ?” ስትባል “ይቅርታ አድርጉልኝ” ብላ ታለቅሳለች። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው “ተጸጽታለች” የሚል ብቻ ነው፤ እሱም ከተጻፈ።

ዳኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የቀረበለትን ነው የሚመዝነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለውም ቅጣት በዳኛ ጠባይ እንዳይለያይ ብሎ ነው። ማቅለያ ሲቆጠር እርከኑ ይወርዳል፤ ማክበጃ ሲቆጠር ይወጣል። መልካም። ግን ሰንጠረዥ ያልተነገረውን አይቆጥርም። አንዱ አምስት ወረቀት፣ ሌላዋ አንድ እንባ ይዘው በአንድ ሰንጠረዥ ፊት ሲቆሙ፣ ሰንጠረዡ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ብቻ ፍርዱ እኩል አይሆንም።

ንጹሕ ሪከርድ እንዴት ይሠራል

“ሪከርድ የለበትም” የሚባለው ከማቅለያዎች ሁሉ የተለመደው ነው። ለመሆኑ ሕጉ እንዲህ ይላል? አንቀጽ 82 የሚለው ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው ሰው ባለማስተዋል፣ ባለማወቅ፣ በየዋህነት ወይም ባልታሰበ አጋጣሚ ተገፍቶ ሲያጠፋ ነው። ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው፤ የቀድሞ ጠባይና የጥፋቱ አኳኋን። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሲፈበርክ የኖረ ሰው የትኛው ባልታሰበ አጋጣሚ ነው የገፋው? ያም ሆኖ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ተቆርጦ ይቀርባል፤ ሁለተኛው ግማሽ ይረሳል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሪከርዱ ራሱ የሚጻፍበት መንገድ ነው። የጎዳና ልጅ ሲሰዳደብ ፖሊስ ፊት ነው የሚሰዳደበው፤ የሚኖረው መንገድ ላይ ነዋ። ሌላው ቤቱ ውስጥ፣ በአጥር፣ በመጋረጃ ጀርባ ነው። ባለሀብቱ ጎረቤቱን በጥፊ ቢመታ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይከፈላል፣ በሬ ባይታረድ በግ ይታረዳል፤ መዝገብ አይከፈትም። የጫማ ጠራጊው ልጅ ጓደኛውን በጥፊ ቢመታ ጣቢያ ያድራል፣ አሻራ ይሰጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ በሌላ ጥፋት ችሎት ቢቆሙ አንዱ “መልካም ስም ያለው”፣ ሌላው “ከቀድሞ ጥፋቱ ያልተማረ” ነው። ያየነው ልዩነት የጠባይ ሊሆን ይችላል። የአጥር ልዩነትም ሊሆን ይችላል። ዳኛው ከወንበሩ ላይ ሆኖ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ካሣም እንዲሁ ነው። ያደረሰውን ጉዳት የካሰ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ተገቢ ነው። ሕጉ ግን “በተቻለው መጠን” የምትል ነገር አለችው። ይህች ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። የተቻለው አንድ ሺህ ብር የሆነ ሰው ያቺን አንድ ሺህ ብር ሲያመጣ፣ ሚሊዮን ካለው ላይ መቶ ሺህ ከቀነሰው ሰው የበለጠ ከፍሏል። ይህን ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም፤ እዚህ አገር ደህና የሚታወቅ የወንጌል ታሪክ ነው።

የየትኛው ቤተሰብ አስተዳዳሪ?

አሁን ወደሚያመው እንሂድ። “የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው” የሚለው ማቅለያ በአንቀጽ 82 ዝርዝር ውስጥ የለም። የሚገባው በአንቀጽ 86 በኩል ነው፤ አንቀጹ ዳኛው ያልተዘረዘረ ምክንያትም እንዲቀበል ይፈቅድለታል፤ ግን ምክንያቱን በግልጽ እንዲጽፍ ያዘዋል። ሕጉ የቤተሰብን ኃላፊነት በስሙ ጠርቶ የሚያነሣው በአንቀጽ 90፣ የገንዘብ መቀጮ ሲወሰን ነው። እዚያ ቦታው ነው፤ ከልጆች ጉሮሮ ላይ መቀጮ እንዳይነጠቅ ነዋ።

እስራት ላይ ሲመጣስ? የልጆች መራብ እውነተኛ ነገር ነው፤ አባት ሲታሰር ቤት ይታሰራል። ይህን ማየት ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ሚስቱን አካለ ስንኩል ያደረገ ሰው “የቤተሰብ አስተዳዳሪ” ተብሎ ማቅለያ ሲጠየቅለት ምን ማለት ነው? የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያቺ በክራንች የምትሄደው ሴት አይደለችም ወይ? ልጆቹስ የእሷ ልጆች አይደሉም? ያፈረሰውን ቤት ቁጠሩልኝ ብሎ ቅናሽ መጠየቅ ነው ይሄ። ወላጆቹን ገድሎ “ወላጅ አልባ ነኝና እዘኑልኝ” አለ ከሚባለው ሰው ቀልድ በምን ይለያል? ያ ቀልድ ነው፤ ይሄኛው ግን በማኅተም ተደግፎ ይቀርባል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሏ ለዓመታት ሲደበድባት ኖሮ አንድ ቀን የመለሰችለት ሴትም የቤተሰብ አስተዳዳሪ ናት። የእሷ ታሪክ ግን “ግላዊ ሁኔታ” ሆኖ እንዲሰማ የሐኪም ማስረጃ፣ የጣቢያ አቤቱታ፣ የጎረቤት ምስክር ይጠየቃል። ዝም ብላ የቻለች ሴት ደግሞ ይህ ሁሉ የላትም። “ቤትሽን ቻይው” ብሎ የመከራት ሽማግሌ ዛሬ ችሎት ቀርቦ “አዎ፣ ስትደበደብ አውቅ ነበር” አይልላትም።

“ድሃ ሁሉ አይሰርቅም”

ይህን ክርክር ሳነሣ የሚመለስልኝን አውቀዋለሁ። ድሃ ሁሉ አይሰርቅም፤ ድህነትን ማቅለያ ማድረግ ታማኙን ድሃ መስደብ ነው ይባላል። ከባድ ቃል ነው፤ መልስ ይገባዋል። አዎ፣ ድሃ ሁሉ አይሰርቅም። የ22 ዓመት አገልግሎት ያለው ሁሉም አይሰርቅም። ታዲያ የሁለተኛው ያለፈ ሕይወት ሲቆጠር ታማኙ ሠራተኛ ተሰደበ ያለ ማን አለ? ማቅለያ ነጻ ማውጣት አይደለም። ልጅቷ ሐብሉን ወስዳለች፤ ትቀጣለች። ጥያቄው ምርጫዋ ምን ያህል ሰፊ ነበር የሚለው ነው። ሰፊ መንገድ እያለው ገደል የገባና በጠባብ መንገድ ሲሄድ ገደል የገባ ሰው እኩል አይወቀሱም።

ሌላው መልስ የተበዳዩ ነው። ስልኳ የተነጠቀባት ሴት እሷም ድሃ ናት፤ ያንን ስልክ ለመግዛት ስንት ወር ቆጥባለች። እውነት ነው፤ የእሷ ጉዳት በችሎት ከሚነገረው በላይ መነገር አለበት። ግን ይህ ክርክር ለወረቀት ማቅለያም ይሠራል። ለተዘረፈ ሕዝብ የሰውየው ቦንድ ምን ይፈይድለታል?

ሦስተኛው “ታዲያ የግል ሁኔታ ጭራሽ ይቅር፤ ለእኩል ወንጀል እኩል ቅጣት” የሚል ነው። ይህን የሞከሩ አሉ። የአሜሪካ ፌደራል የቅጣት መመሪያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘርንና የኑሮ ደረጃን ከሚዛን አወጣ፤ በ1992 ደግሞ በልጅነት አሳዳጊ አጥቶ ማደግም እንዳይቆጠር አደረገ። በወረቀት እኩልነት ይመስላል። ግን ሕይወትን በበር ስታባርራት በመስኮት ትመለሳለች፤ የተቸገረ ልጅነት ቢከለከልም በዚያ ልጅነት የተሰበሰበው ሪከርድ ነጥብ ሆኖ ይቆጠር ነበር። በክፍላተ ግዛቶቹ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ተቃራኒውን አይተናል። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ ሰክሮ እየነዳ አራት ሰው የገደለ የ16 ዓመት የሀብታም ልጅ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምስክር ቀርቦ ሀብት አቅብጦት ጥፋትና ቅጣትን ሳያገናኝ አደገ ብሎለት፣ በ10 ዓመት የፈተና ጊዜ ወደ ውጭ ተለቀቀ። በ2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ በወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ የተባለ የታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ ስድስት ወር ተፈረደበት፤ ዳኛው ወህኒ ቤት ልጁን ክፉኛ ይጎዳዋል ብሎ ሠጋ። ሕዝቡ ተቆጥቶ በ2018 ዳኛውን በድምፅ ከወንበሩ አነሣው። እኛም ጋ፣ እነሱም ጋ ነገሩ አንድ ነው፤ ዳኛ የራሱን ልጅ የሚመስል ልጅ ሲያይ የወደፊት ዘመኑ ይታየዋል፤ የማይመስለውን ሲያይ የሚታየው ያለፈው ብቻ ነው።

ካናዳ ሌላ መንገድ መረጠች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1999 እ.ኤ.አ. ግላዱ በሚባለው ውሳኔ፣ ነባር ሕዝቦች ላይ ቅጣት ሲወሰን ዳኛው ሕዝቡ ያለፈበትን በደልና የግለሰቡን አስተዳደግ እንዲያይ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ይህን አጥንቶ ለዳኛው የሚያቀርብ ሰው አለ። ተአምር አልሠራም፤ የነባር ሕዝቦች ቁጥር በወህኒ ቤቶቿ ዛሬም ከድርሻቸው በጣም ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ገብቷቸዋል፤ የተቸገረ ሰው ታሪክ በራሱ እግር ችሎት አይመጣም፣ ሄዶ የሚያመጣው ይፈልጋል።

ምን ይደረግ?

አዲስ ሕግ አልጠይቅም። የምጠይቀው ያለው ሕግ ለሁሉም እንዲሠራ ነው።

መጀመሪያ፣ ወረቀት ይፈተን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ሁለቱም ወገኖች ስለ ጥፋተኛው ጠባይ ምስክር እንዲጠሩ ይፈቅዳል። ምስክር ማለት ቀርቦ የሚጠየቅ ሰው ነው። “በአካባቢያችን የተመሰገነ ነው” ብሎ የፈረመ ሊቀ መንበር ካለ ይምጣ፤ ዐቃቤ ሕግ ይጠይቀው። ለስንት ዓመት ያውቀዋል? ሚስቱን ሲመታ ሰምቶ ያውቃል? ለደብዳቤው የተከፈለ ነገር አለ? የማይጠየቅ ወረቀት ማስረጃ ሳይሆን ምልጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ለሌለው ሰው ታሪኩን ፍርድ ቤቱ ይፈልግለት። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ወጣት ጥፋተኞችን በሚመለከት ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርት፣ አኗኗርና ሁኔታ መረጃ እንዲያስቀርብ ይላል፤ ወላጅም ትምህርት ቤትም ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ልጁ ባደገ ማግስት ታሪኩ ይጠፋል እንዴ? ረጅም እስራት ለሚጠብቀውና የግል ጠበቃ ለሌለው ሰው አንድ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የሁለት ቀን ጥናት ያድርግ። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በማኅበራዊ ሥራ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። “በጀት የለም” የሚል ካለ፣ ሰው አንድ ዓመት ያለ አግባብ ሲታሰር የሚበላውን በጀት ያስላ። እሷ ከወህኒ ቤት ስትወጣ የሚቀራትን ሕይወት ግን ማንም አያሰላም።

ሦስተኛ፣ ዳኛው ይጻፍ። አንቀጽ 86 ምክንያት ጻፍ ሲል ለጌጥ አይደለም። “የቤተሰብ አስተዳዳሪ በመሆኑ አንድ ማቅለያ ተይዞለታል” የምትል አንዲት መስመር ምክንያት አይደለችም። ማንን ያስተዳድራል? የተጎዳው ማን ነው? ይህ ነገር ጥፋቱን የሚያሳንሰው እንዴት ነው? የአገልግሎት ዘመኑ ለወንጀሉ መንገድ ከከፈተ ለምን ይቆጠርለታል? ይህ ሲጻፍ ይግባኝ ሰሚው ያየዋል፤ እኛም እናየዋለን። ሳይጻፍ ሲቀር ግን ምሕረትና ውለታ አይለዩም።

አማርኛ ለተቸገረ ሰው “ሰው የለውም” የሚል አነጋገር አለው። ገንዘብ የለውም ከማለት ይከብዳል፤ ስለ እሱ አፍ የሚከፍት የለም ማለት ነው። ፍርድ ቤት ሰው ለሌለው ሰው ሰው ሊሆነው የተሠራ ቦታ ነው። ሰው ያለውን ሰው ወረቀት እየቆጠረ የሚያሰናብት፣ ሰው የሌላትን “ሌላ የምትይው አለ?” ብሎ ብቻ የሚያልፍ ችሎት ያመዛዘነው የሁለት ሰው ጥፋት አይደለም። የሁለት ሰው ዘመድ ብዛት ነው።